የብሪታንያን የመኪና ሲኒማ የገደለው ዝናብ አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በፊልም ወዳጆች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው ስለ ድራይቭ ኢን ነው፤ ተመልካቹ ከመኪናው ሳይወርድ ሜዳ ላይ በተተከለ ትልቅ ሸራ ፊልም ስለሚያይበት የመኪና ሲኒማ። ጸሐፊው የሚያነሡት ጥያቄ ጥሩ ነው። አሜሪካ የመኪና ሲኒማዎችን በሺዎች ስትሠራ፣ በብሪታንያ የታሰቡት የመጀመሪያዎቹ ዕቅዶች ለምን ወረቀት ላይ ቀሩ? ጥያቄው ጥሩ ስለሆነ ነው መልሱ ያስቆጨኝ። ብዙ ሰው ያነበበው መልስ ሲሳሳት ቀጥሎ የሚጽፈው ሰው ያንኑ ይቀዳል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስሕተቱ ታሪክ ሆኖ ይቀመጣል።

ከመመለሴ በፊት የተባለውን በትክክል ማስቀመጥ ይገባኛል። ጸሐፊው አምስት ምክንያት ያቀርባሉ። የመጀመሪያው ዝናብ ነው፤ በዝናባማ ደሴት ላይ የሜዳ ሲኒማ ሊቆም አይችልም ይላሉ። ሁለተኛው የበጋው ብርሃን ነው፤ ሰማዩ ዘግይቶ ስለሚጨልም ሸራው ላይ ምንም አይታይም። ሦስተኛው ሕዝቡ መኪና የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም የሚል ነው። አራተኛው የሕዝቡ ጠባይ ነው፤ እንግሊዛዊ በጌጠኛ አዳራሽ ውስጥ ከሰው ጋር ተቀምጦ ማየት እንጂ መኪና ውስጥ ተኮራምቶ ማየት አይወድም ባይ ናቸው። በመጨረሻም ዕቅዶቹ የጋዜጣ ወሬ ነበሩ እንጂ የምር አልነበሩም ይላሉ። ከዚህ ሁሉ ተነሥተው የሚደርሱበት መደምደሚያ፣ ሐሳቡ ከመነሻው ለዚያ አገር ያልተፈጠረ ነበር የሚል ነው። እኔ ደግሞ ሐሳቡን አገሩ አልጠላውም፤ መንግሥት ባወጣቸው ደንቦችና በጊዜ አለመገጣጠም ተቀጨ እላለሁ። ዓመታቱን፣ ወራቱንና ቀኖቹን በአውሮፓውያን፣ ሰዓቱን ግን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በጋና ክረምት ስልም የእነሱን ሞቃትና ብርዳማ ወቅት ማለቴ ነው።

ዝናቡን በቶሎ እንለፈው፤ ከአምስቱ ሁሉ ደካማው ነውና። ለንደን ላይ በዓመት የሚዘንበው 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ኒውዮርክ ላይ የዚህ እጥፍ ይዘንባል። የመኪና ሲኒማ በደመቀባት በማያሚ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ሲድኒም ከለንደን እጥፍ ገደማ ዝናብ ታገኛለች። የለንደን ዝናብ ስስ፣ ተደጋጋሚና አሰልቺ መሆኑን እቀበላለሁ፤ ካፊያ ደግሞ ምስልን ያደበዝዛል። ይሁን እንጂ መኪና ጣሪያና የዝናብ መጥረጊያ አለው። ጭጋጉ ከዝናቡ የባሰ ችግር ነበር፤ ነገር ግን እሱም የመኪና ሲኒማን ብቻ ለይቶ አልመታም። በታኅሣሥ 1952 ለንደንን ያፈናት ጢስ የተቀላቀለበት ጭጋግ አዳራሽ ውስጥ ዘልቆ ገብቶ፣ በሳድለርስ ዌልስ ቲያትር የተጀመረ ኦፔራ እስከ ማቋረጥ አድርሷል። በዚህ ምክንያት ግን ለንደን ለኦፔራ የማትሆን ከተማ ናት ያለ ሰው የለም።

ብርሃኑ ሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው እውነተኛ ችግር ነክተዋል። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ነገሩ ላይታየን ይችላል፤ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ለንደን ላይ ግን በሰኔ 21 ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ21 ነው። ኤድንበራ ላይ 4 ሰዓት ያልፋል። ከጠለቀች በኋላም ሰማዩ ወዲያው አይጨልምም፤ ፕሮጀክተሩ ሸራው ላይ ጥርት ያለ ምስል እንዲጥል ሌላ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል። እንግዲህ ለንደን ላይ በሰኔ ወር ፊልሙ የሚጀምረው ወደ 4 ሰዓት ሲጠጋ፣ የሚያልቀውም በእኩለ ሌሊት ገደማ ነው። እንደ አሜሪካኖቹ ልማድ ሁለት ፊልም ይታይ ቢባል ተመልካቹ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ቤቱ ይደርሳል። በማግስቱ ጠዋት ፋብሪካ ለሚገባ ሰው ይህ የማይሆን ነገር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ በኋላም በ1947፣ ሰዓቱ በሁለት ሰዓት ወደፊት ተገፍቶ ስለነበር የለንደን ፀሐይ የምትጠልቀው 4 ሰዓት ከ21 ላይ ነበር።

ይህን ሁሉ ተቀብዬ የምጠይቀው፣ ያ ሰዓት ከየት መጣ? የሚል ነው። ግማሹ ከሰማይ፣ ግማሹ ከፓርላማ ነው የመጣው። ብሪታንያ በ1916 ባወጣችው ሕግ በየበጋው ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደፊት ትገፋለች። ሰዓቱ ባይገፋ የለንደን ፀሐይ በሰኔ 2 ሰዓት ከ21 ላይ በጠለቀች ነበር። አሁን አውሮፓ ውስጥ የመኪና ሲኒማ የተሳካላቸውን እንመልከት። ሮም አጠገብ፣ ካሳል ፓሎኮ ላይ፣ በ1957 ትልቅ የመኪና ሲኒማ ተከፈተ። በዚያን ጊዜ ጣሊያን ሰዓቷን አትገፋም ነበር፤ የሮም ፀሐይ በሰኔ 1 ሰዓት ከ48 ላይ ትጠልቅ ነበር። ፍራንክፈርት አጠገብ፣ ግራቨንብሩክ ላይ፣ በ1960 ሌላ ተከፈተ። ምዕራብ ጀርመንም ከ1950 እስከ 1979 ሰዓት አትቀይርም ነበር፤ የፍራንክፈርት ፀሐይ በሰኔ 2 ሰዓት ከ38 ላይ ትጠልቅ ነበር። ፍራንክፈርት ያለችው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን በ50 ዲግሪ ላይ ነው፤ ለንደን በ51 ዲግሪ ተኩል ላይ። በሰማይ በኩል በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ኢምንት ነው። በሰዓት ቆጣሪው በኩል ያለው ግን ከፍ ያለ ነው።

ጸሐፊውን ይበልጥ የሚፈትነው ምሳሌ የካናዳዋ ኤድመንተን ናት። ከለንደን በሁለት ዲግሪ ወደ ሰሜን ርቃ፣ በ53 ዲግሪ ተኩል ላይ ትገኛለች፤ ክረምቷም ከለንደን ክረምት ጋር የሚወዳደር አይደለም። የአልበርታ ክፍለ ሀገር ከ1948 ጀምሮ በበጋ ሰዓት መቀየርን በሕግ ከልክሎ ስለነበር፣ ኤድመንተን ላይ ፀሐይ በሰኔ የምትጠልቀው 3 ሰዓት ከ7 ላይ ነበር። ከለንደኑ 3 ሰዓት ከ21 ጋር ስናስተያየው የ14 ደቂቃ ልዩነት ነው። የኤድመንተን ሰዎች ግን በየበጋው መኪናቸውን እየነዱ ወደ መኪና ሲኒማቸው ይሄዱ ነበር። በ1967 ሰዓት ይቀየር አይቀየር በሚል ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ፣ ለውጡን አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል የመኪና ሲኒማ ባለቤቶች ነበሩ፤ ሐሳቡም በጠባብ ልዩነት ወደቀ። እነዚያ ነጋዴዎች ጠላታቸውን ያውቁት ነበር፤ የሰዓት ሕጉ ነው። ስለዚህ ብርሃኑ ገቢ የሚቀንስ፣ የትርኢት ፕሮግራም የሚያዛባ እውነተኛ ጉዳት ነው። በራሱ ግን የሞት ፍርድ አይደለም። በሚያዝያ አጋማሽ ለንደን ላይ ፀሐይ 2 ሰዓት ሳይሞላ፣ በመስከረም ማብቂያ ደግሞ 1 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ጸሐፊው ግን ዓመቱን በሙሉ በሰኔ ለክተውታል።

ወደ መኪናው ስንመጣ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። በ1951 ከብሪታንያ ቤተሰቦች መካከል መኪና የነበራቸው 14 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። የነበሩትም መኪኖች ለዚህ ዓይነት ሲኒማ የተመቹ አልነበሩም። ተወዳጇን ሞሪስ ማይነር እንውሰድ። እስከ 1956 ድረስ የፊት መስታወቷ ሁለት ሆኖ፣ በመካከሉ ቀጥ ያለ ዘንግ ቆሞበት ነበር። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ልጅ ሸራውን የሚያየው ለሁለት ተሰንጥቆ ነው። ማሞቂያም ለብቻው ተከፍሎበት የሚገጠም ተጨማሪ ዕቃ ነበር። ባለ ሰፊ መስታወትና ባለ ረጅም ወንበር የሆነው የአሜሪካ መኪና እንደ ሳሎን ሲያስቀምጥ፣ የእንግሊዙ መኪና ጉልበትን ያስታቅፋል። ይህን ነጥብ ጸሐፊው ቢያነሡት ኖሮ ክርክራቸው ይጠነክር ነበር።

ነገር ግን ሕዝቡ ገንዘብ ስለሌለው መኪና አልገዛም የሚለው አይሄድም። ከጦርነቱ በፊት በነበሩት አሥር ዓመታት የግል መኪኖች ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን ወደ ሁለት ሚሊዮን ከፍ ብሎ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ገዢ ጠፍቶ ሳይሆን ገዢው በወረፋ ነበር የሚጠብቀው። አገሪቱ ዶላር ስለሚያስፈልጋት አብዛኛው አዲስ መኪና ወደ ውጭ ይላክ ነበር፤ እንግሊዛዊው ስሙን አስመዝግቦ ዓመታት ይጠብቃል። በ1951 ደግሞ በመኪና ላይ የሚጣለው የግዢ ግብር ወደ ዋጋው ሁለት ሦስተኛ ከፍ ተደረገ። ይህ የፖሊሲ ውጤት ነው።

ከሁሉም የሚያስገርመኝ ግን ጸሐፊው ስለ ቤንዚን አንድ ቃል አለማንሣታቸው ነው። መኪናም ሸራም ቢኖር፣ ቤንዚን በሌለበት የመኪና ሲኒማ እንዴት ይታሰባል? ብሪታንያ በ1939 ቤንዚንን በራሽን አደረገች። በ1942 ለግል መኪና የሚሰጠው መሠረታዊ ራሽን ጨርሶ ቆመ። በ1945 ተመለሰ፤ በ1947 መጨረሻ እንደገና ተቋረጠ፤ በ1948 ሲመለስ አንድን መኪና በወር 90 ማይል ገደማ፣ ማለትም 145 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚያስኬድ ነበር። በዚያው ዓመት መንግሥት ለንግድ ተሽከርካሪዎች የሚሰጠውን ቤንዚን ቀይ ቀለም አስነከረው። ፖሊስ የግል መኪና አስቁሞ ከታንከሩ ናሙና ይቀዳል፤ ቀይ ከተገኘ ባለ መኪናው መንጃ ፈቃዱን ሊነጠቅ ይችላል። በወር 145 ኪሎ ሜትር የተፈቀደለትና ታንከሩ የሚፈተሽበት ሰው፣ ምሽት ላይ ከከተማ ወጥቶ ፊልም አይቶ ቢመለስ ከወር ድርሻው ምን ያህሉን እንደሚያጠፋ አስቡት። ራሽኑ ያበቃው በግንቦት 26 ቀን 1950 ነው። በግብጹ የሱዌዝ ቦይ ላይ በተነሣው ቀውስ ምክንያት ከታኅሣሥ 1956 እስከ ግንቦት 1957 እንደገና ተመልሷል።

አሜሪካ ውስጥ የቤንዚን ራሽን ያበቃው በነሐሴ 1945 ነው፤ ጦርነቱ ባበቃበት ሳምንት። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የነበሩት የመኪና ሲኒማዎች መቶ ገደማ ነበሩ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከ4,000 በላይ ሆኑ። የአሜሪካ የመኪና ሲኒማ ዘመን ተወልዶ ያደገው በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ነው። በእነዚያው ዓመታት ብሪታንያ ውስጥ ቤንዚን በራሽን ነበር፤ መኪና በወረፋ ነበር፤ ግንባታም በልዩ ፈቃድ ነበር። በቦምብ የፈረሱ ቤቶች ሳይሠሩ ሲሚንቶና ብረት ለመዝናኛ አይሰጥም ተብሎ፣ የግንባታ ፈቃድ ቁጥጥሩ እስከ ኅዳር 1954 ቆየ። ባለ ጣሪያ ሲኒማ መሥራት ባልተቻለበት አገር ባለ ሜዳው ለምን አልተሠራም ብሎ ጠባይን መክሰስ ፍትሐዊ አይደለም።

ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በ1946 ብሪታንያ ውስጥ 1 ቢሊዮን 635 ሚሊዮን የሲኒማ ትኬት ተሸጧል። ሕጻን፣ ሽማግሌና በሽተኛ ሳይለይ ለእያንዳንዱ ሰው በዓመት ከ30 በላይ ትኬት ማለት ነው። በ1961 ከሦስት ቤተሰብ አንዱ ባለ መኪና ለመሆን ሲቃረብ፣ የትኬቱ ቁጥር ከ500 ሚሊዮን በታች ወርዶ ነበር። በ1953 የንግሥቲቱ ዘውድ መጫን ቴሌቪዥንን በየቤቱ አስገባ፤ በ1955 የንግድ ቴሌቪዥን ተጨመረ። ተመልካች በነበረ ጊዜ መኪናና ቤንዚን አልነበረም። መኪናና ቤንዚን ሲመጣ ተመልካቹ ቤቱ ገብቷል፤ ባለ አዳራሾቹም ሲኒማቸውን እየዘጉ ነበር። አሜሪካ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያገኘችበት የአሥር ዓመት መስኮት ነበራት፤ ብሪታንያ ያ መስኮት አልተከፈተላትም።

ጸሐፊው ጭራሽ ያልነኩት የመሬትና የፈቃድ ጉዳይም አለ። አምስት መቶ መኪና የሚይዝ የመኪና ሲኒማ ከ4 ሄክታር በላይ መሬት ይፈልጋል። መሬቱ ለከተማ ቅርብ፣ በሰፊ መንገድ ዳር፣ ርካሽ መሆን አለበት። በብሪታንያ ሕግ ከግንባታ የተጠበቀው ደግሞ በትክክል ይኸው መሬት ነው። በ1935 በአውራ ጎዳናዎች ዳር የሚደረግ ግንባታን የሚገድብ ሕግ ወጣ። በ1938 በለንደን ዙሪያ አረንጓዴ ቀበቶን፣ ማለትም ከተማዋን የሚከብና ግንባታ የማይደረግበትን መሬት፣ የሚያስጠብቅ ሌላ ሕግ ተከተለ። በ1947 የወጣው የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ ደግሞ ማንኛውንም አዲስ የመሬት አጠቃቀም በአካባቢው ባለ ሥልጣን ፈቃድ ሥር አደረገው። በ1955 አረንጓዴ ቀበቶው በሌሎች ከተሞች ዙሪያም እንዲዘረጋ ተመከረ። አሜሪካዊው ነጋዴ ከገበሬ መሬት ገዝቶ፣ ደልድሎ፣ ሸራ ሲያቆም፣ እንግሊዛዊው መጀመሪያ ኮሚቴ ፊት ይቆማል። ኮሚቴው የሚያነሣው ጥያቄም ቀላል አይደለም። በአውራ ጎዳናው ላይ የሚፈጠረው የመኪና ሰልፍ፣ የሚያልፈውን አሽከርካሪ ዓይን የሚስበው ሸራ፣ ጎረቤት የሚረብሸው ድምፅ፣ ሌሊት የሚደፈርሰው የገጠር ሰላም ሁሉ መልስ ይፈልጋል። እነዚህን ሕጎች አልነቅፍም፤ የእንግሊዝን ገጠር ያዳኑት እነሱ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ዋጋ ነበራቸው፤ ከዋጋው አንዱ ይህ ነው።

እሑድም ሌላ እንቅፋት ነበር። በ1932 በወጣው ሕግ ሲኒማ በእሑድ ይከፈት የነበረው የአካባቢው አስተዳደር ወይም ሕዝብ ሲፈቅድ ነው፤ ከገቢውም ለበጎ አድራጎት ይቆረጥ ነበር። ቤተሰብ መኪናውን አውጥቶ ለሽርሽር የሚወጣው ደግሞ በእሑድ ነው። ፊልሞቹ ራሳቸውም ከትልልቆቹ የሲኒማ ሰንሰለቶች፣ ማለትም ብዙ ሲኒማ ቤት ከያዙ ድርጅቶች፣ እጅ አይወጡም ነበር። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ኦዲዮንና ጎሞን በአንድ የራንክ ቡድን ሥር ነበሩ፤ በሌላ በኩል ኤቢሲ ነበር። አዲስ ፊልም መጀመሪያ የሚደርሰው ለእነሱ ነው፤ ከሰንሰለቱ ውጭ ያለ ባለ ሲኒማ ትርፍራፊውን ይጠብቃል። ይህ የሞኖፖሊ ዝንባሌ በ1944 ለመንግሥት በቀረበ ሪፖርት ላይ ሳይቀር ተተችቷል። ሜዳ ላይ አዲስ ሸራ የተከለ ሰው ያረጀ ፊልም ብቻ እያሳየ ምን ያህል ይዘልቃል?

የሕዝቡን ጠባይ በተመለከተ፣ ጸሐፊው እንግሊዞች ጌጠኛ አዳራሾቻቸውን ይወዱ ነበር ማለታቸው እውነት ነው። ከዚህ ተነሥተው መኪናን ከመዝናኛ ጋር ማገናኘት አይወዱም ነበር ማለታቸው ግን ከታሪክ ጋር ይጣላል። በ1930ዎቹ ከለንደን በሚወጡት አዳዲስ መንገዶች ዳር ለባለ መኪና ብቻ የታሰቡ የመዝናኛ ቤቶች ነበሩ። ኪንግስተን ባይፓስ በተባለው መንገድ ላይ የነበረው ኤስ ኦፍ ስፔድስ የተባለ ቤት የመዋኛ ገንዳና የዳንስ አዳራሽ ነበረው፤ ሰው ማታ መኪናውን እየነዳ ሄዶ ይበላል፣ ይጨፍራል፣ ይዋኛል። ያ ሰው ከገንዳው አጠገብ ሸራ ቢተከል ፊቱን ያዞር ነበር ብዬ አላምንም። አውስትራሊያንም እንመልከት፤ ብዙው ሕዝቧ ከብሪታንያ የፈለሰ፣ በግራ የሚነዳ፣ የእንግሊዝ መኪና የሚነዳ ነበር። በየካቲት 1954 ሜልቦርን ውስጥ በርውድ ላይ የመጀመሪያው የመኪና ሲኒማ ሲከፈት መንገዱ በመኪና ተጨናነቀ፤ ከዚያ በኋላ በመላ አገሪቱ በመቶዎች ተሠሩ። ጠባይ ከሆነ ምክንያቱ፣ ጠባዩ በመርከብ ሲሻገር የት ወደቀ? በ2020 በወረርሽኙ በጋም በብሪታንያ በየቦታው ጊዜያዊ የመኪና ሲኒማዎች ተከፍተው ተመልካች አግኝተዋል። አዳራሾች ስለተዘጉ ነው የመጡት ቢሉኝ እስማማለሁ፤ ቢሆንም በጠባያቸው የማይችሉት ነገር እንዳልነበረ ግን ያሳያል።

የመጨረሻው ነጥብ ዕቅዶቹ የምር አልነበሩም የሚለው ነው። ከዕቅዶቹ አንዳንዶቹ ለወሬ ብቻ የተነገሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በየትኛውም ዘመን እንዲህ ያለ አይጠፋም። ነገር ግን አለመሠራት ያለማሰብ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። በብሪታንያና በፈረንሳይ መካከል በባሕር ሥር የሚያልፈው ዋሻ በ1880ዎቹ ቁፋሮው ተጀምሮ ቆመ፤ በ1975 እንደገና ተሰረዘ፤ በ1994 ተመረቀ። በ1976 የሚጽፍ ሰው የምር አልነበረም ቢል ይሳሳት ነበር።

በዚህ መለኪያ ከሄድንማ የአሜሪካውም ሐሳብ የምር አልነበረም ማለት ይሆናል። የመኪና ሲኒማን ሐሳብ ያመነጨው ሪቻርድ ሆሊንግስሄድ በ1933 የፈጠራ መብቱን አስመዝግቦ፣ በሰኔ 6 ቀን ኒው ጀርሲ ውስጥ ካምደን አጠገብ የመጀመሪያውን ከፈተ። የእያንዳንዱ መኪና የፊት ጎማ ከፍ ብሎ እንዲቆም መሬቱን በእርከን ደለደለው፤ ከፊት ያለው መኪና ከኋላ ያለውን እንዳይጋርድ ነው። ድምፁ ግን ከሸራው አጠገብ ከተሰቀሉ ግዙፍ ድምፅ ማጉያዎች ስለሚወጣ ጎረቤቱን ሁሉ ይረብሽ ነበር። አዳዲስ ፊልም የሚያከራየውም አላገኘም። ቦታው ከሦስት ዓመት ያህል በላይ አልቆየም። የፈጠራ መብቱም በ1949 በፍርድ ቤት ውድቅ ሆነበት፤ መሬትን በእርከን መደልደል እንደ ፈጠራ አይቆጠርም ተባለ። ይህን ሁሉ ችግር ያለፈ ሐሳብ አሜሪካ ውስጥ ሁለተኛ ዕድል ያገኘው ከጦርነቱ በኋላ፣ በየመኪናው መስኮት የሚንጠለጠል ትንሽ ድምፅ ማጉያ ሲስፋፋ፣ ቤንዚን ሲለቀቅና መሬት በቀላሉ ሲገኝ ነው። በዚያች የመጀመሪያ ሌሊት በኒው ጀርሲው ሸራ ላይ የታየው ፊልም ደግሞ በእንግሊዝ የተሠራ ኮሜዲ ነበር።

ጸሐፊውን የምጠይቃቸው፣ በሚቀጥለው እትማቸው ከዝናቡ አንቀጽ በፊት ግንቦት 26 ቀን 1950ንና ኅዳር 1954ን እንዲያስገቡ ነው። ከጦርነቱ ወዲህ፣ ከእነዚያ ቀኖች በፊት የቀረበ ዕቅድ ሁሉ ቤንዚን ወይም ፈቃድ የሌለው ዕቅድ ነበር። ከዚያ በኋላ የቀረበውን ደግሞ በየዓመቱ እየቀነሰ ከሄደው የትኬት ቁጥርና ከ1955ቱ የአረንጓዴ ቀበቶ መመሪያ ጋር አስተያይተው ይመዝኑት። ያን ካደረጉ በኋላም ዝናብ ነው ካሉ፣ የማያሚን አንቀጽ መልሰን አብረን እንነጋገርበታለን።